ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን፦ የስንቅና የማደሪያ ነገር

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ብስክሌተኞች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የዛሬው ጉዳያችን ሆድና ጎን ማሳረፊያ ነው። ስለ ጎማ፣ ስለ ማርሽና ስለ ኮርቻ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ሲ ኤንድ ኦ ካናል የሚባለውን የድሮ የጀልባ ቦይ መንገድ ከሜሪላንዷ ከምበርላንድ እስከ ዋሽንግተኗ ጆርጅታውን በብስክሌት ለመውረድ አስበው የተዉት ሰዎች ብዙ ጊዜ ምክንያታቸው ርቀቱ ነው። 184.5 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 297 ያህል ነው። ይህን ርቀት ግን መካከለኛ ጉልበት ያለው ሰው በአራት ቀን ይጨርሰዋል፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ሰው የሚሸነፈው ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ውሃው ያልቃል፣ የሚቀጥለው ሱቅ 20 ማይል ይርቃል፣ ፀሐይዋ ታዘቀዝቃለች፣ የት እንደሚታደር ግን ገና አልተወሰነም።

ከመጀመሬ በፊት፣ የምጠራው ሰዓት ሁሉ በዚህ አገር አቆጣጠር ነው። ማይሉም በመንገዱ ዳር በየማይሉ በተተከሉት ምልክቶች ላይ እንደተጻፈው ከጆርጅታውን ዜሮ ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ከከምበርላንድ ስትነሱ ቁጥሩ እየቀነሰ ይሄዳል።

ምግብ ለምን እንደሚጠፋ ለመረዳት መንገዱ ለምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ቦይው በ1828 ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ ደረሰ። የድንጋይ ከሰልና ሌላ ጭነት የያዙ ጀልባዎችን በቅሎዎች ከዳር ሆነው ይጎትቱ ነበር፤ እኛ ዛሬ የምንነዳበት የበቅሎዎቹ መንገድ ነው። 74 የውሃ መዝጊያዎች፣ እዚህ «ሎክ» የሚሏቸው፣ ጀልባውን ደረጃ በደረጃ 605 ጫማ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጉት ነበር። ሥራው በ1924 ቆመ፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በቅሎ የምትፈልገው ሜዳና ውሃ ዳር ስለሆነ መንገዱ የፖቶማክን ወንዝ ይከተላል እንጂ ከተማ ለከተማ አይዞርም። ከተሞቹ ጎርፍ ፈርተው ዳገቱ ላይ ወይም ከድልድዩ ማዶ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ተቀምጠዋል። ምግብ ማለት እዚህ ከመንገዱ መውጣት፣ ድልድይ መሻገር ወይም ዳገት መውጣት ማለት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምላችሁ ነገር ሁሉ የሚንጠለጠለው በአንድ ነገር ላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ምግብና ነጻ ማደሪያ አንድ ቦታ አይገኙም። ፓርኩ በእግርና በብስክሌት ለሚጓዙ ብቻ ያዘጋጃቸው ወደ 30 የሚጠጉ ነጻ የድንኳን ቦታዎች አሉ። ከከምበርላንድ እስከ ሃንኮክ ባለው 60 ማይል ውስጥ ብቻ 13 ናቸው፤ በዚያው 60 ማይል ውስጥ ግን ለወግ ያህል እንኳ የምትጠራ ገበያ የለችም። በተቃራኒው ሃርፐርስ ፌሪና ብራንስዊክ አካባቢ ምግብ ቤት እንደ ልብ ነው፤ ከማይል 62.9 እስከ 49.9 ድረስ ግን አንድም ነጻ ማደሪያ አታገኙም። ስለዚህ ቀኑን በማይል አትክፈሉት፤ በእራት ክፈሉት። ከሰዓት በኋላ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ከተማ ገብታችሁ ትኩስ ነገር ብሉ፣ ለነገ ቁርስ ግዙ፣ ውሃ ሙሉ፣ ከዚያ አራት አምስት ማይል ነድታችሁ ድንኳን ትከሉ። መብላትንና መተኛትን ለማገናኘት ብለው ማታ ወደ ኋላ የሚመለሱ ሰዎች ነው ጨለማ የሚይዛቸው።

ይህ ዘዴ የሚሠራባቸውን ቦታዎች ጻፉ። ሃንኮክ ማይል 124.5 ላይ ናት፤ በልታችሁ ወደ ታች አራት ማይል ያህል ብትነዱ ሊትል ፑል የሚባለው ማደሪያ ማይል 120.6 ላይ ይጠብቃችኋል። ዊሊያምስፖርት ማይል 99.8 ላይ ናት፤ ከሷ በታች ማይል 95.2 ላይ ከምበርላንድ ቫሊ የሚባል ማደሪያ አለ። ስሙ እንዳያሳስታችሁ፤ ከከምበርላንድ ከተማ ጋር ግንኙነት የለውም። ሃርፐርስ ፌሪ፣ ማይል 60.7፣ ግን ለዚህ ዘዴ አይመችም፤ ቀጣዩ ነጻ ማደሪያ ባልድ ኢግል አይላንድ 11 ማይል ይርቃል። ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ገንዘብ ከፍላችሁ እደሩ፤ ወደ ብራንስዊክ ወርዳችሁ፣ ማይል 55፣ ወንዙ ዳር ያለው የክፍያ ካምፕ ውስጥ ድንኳን መትከልም ይቻላል።

አሁን ወደ አነሳሱ። ለእኛ ለዚህ አካባቢ ሰዎች የሚሻለው በባቡር ወደ ላይ ሄዶ ወደ ቤት እየነዱ መመለስ ነው። አምትራክ ከዩኒየን ስቴሽን ወደ ከምበርላንድ በቀን አንድ ጊዜ ይሄዳል። ለራሳችሁ ቲኬት መቁረጥ አይበቃም፤ ለብስክሌቱ ለብቻው ቦታ መያዝ አለባችሁ፣ ቦታውም ጥቂት ነው። በጸደይና በመጸው ቅዳሜና እሁድ ቀድሞ ስለሚያልቅ መጀመሪያ የባቡሩን ቦታ ያዙ፣ ከዚያ የማደሪያውን ቀን አስተካክሉ፤ ተገላቢጦሽ ያደረገ ሰው የሆቴል ገንዘብ ይከስራል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ይዞ ባቡር መሳፈር ክልክል ነው። ምድጃችሁን ይዛችሁ ጋዙን ከምበርላንድ ደርሳችሁ ግዙ፤ ሱቁ ጋዙ እንዳለው ከሁለት ቀን በፊት ደውላችሁ አረጋግጡ። ካልተገኘ ምድጃውን ቤት ተዉትና እሳት የማያስፈልገው ስንቅ ያዙ።

በዚህ አቅጣጫ መሄድ አንድ ችግር አለው፤ ሰው ልብ የማይለው ነው። በምግብ በኩል ከባዱ ክፍል የመጀመሪያው ቀን ላይ ይወድቃል። ከምበርላንድ ሙሉ ከተማ ናት፤ ሆቴሉ ከመንገዱ አፍ ላይ ነው፣ ምግብ ቤትም አለ። ከዚያ በኋላ እስከ ሃንኮክ የሚገኙት ሦስት ስሞች ናቸው፦ ኦልድታውን ማይል 166.7፣ ፓው ፓው ማይል 156፣ ሊትል ኦርሊንስ ማይል 140.9። ሦስቱም ትንንሽ መንደሮች ናቸው። አንዲት ሱቅ ወይም አንዲት ምግብ ቤት ብትኖር የባለቤቷ ሠርግ ወይም ሕመም ይዘጋታል፤ ሰኞና ማክሰኞ ደግሞ ያለ ምክንያትም ይዘጋሉ። ሕጉ እንዲህ ይሁን፦ እነዚህን ሦስቱን በዕቅዳችሁ ውስጥ አታስገቡ። ተከፍተው ከተገኙ በረከት ነው፤ ካልተገኙ ሆዳችሁ የሚያውቀው ነገር የለም። በዚያ ላይ ከፓው ፓው እስከ ሊትል ኦርሊንስ ባለው ጫካ ስልክ አብዛኛውን ቦታ አይሠራም፤ ካርታውን አስቀድማችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፣ የማደሪያዎቹን ማይል ግን በወረቀት ያዙ።

እዚህ ላይ ነው ስንቅ የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው። አያቶቻችን ከጎንደር ጎጃም፣ ከወሎ ሸዋ ሲወርዱ ሲወጡ በአህያና በእግር የያዙት ምግብ፣ ሱቅ ውስጥ በውድ ከሚሸጠው የስፖርት ምግብ አያንስም። ብስክሌት ላይ ያለ ሰው በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ቢወስድ ጉልበቱ አይወድቅም። 80 ግራም በሶ፣ ማለትም 8 የሾርባ ማንኪያ ያህል፣ ከ50 ግራም በላይ ይሰጣል። በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጡት፤ ጥቂት ጨው ጨምሩበት፣ ስኳር ወይም ማር እንደ ፍላጎት። የሚበላሸው እንዲህ ነው፦ ሰዎች በሶውን ጠዋት በጥብጠው ጫፉ ጠባብ በሆነው የብስክሌት ጠርሙስ ውስጥ ይሞሉታል። ዱቄቱ ወደ ታች ይወርዳል፣ አፉን ይደፍነዋል፣ በኦገስት ሙቀት ደግሞ እስከ ቀትር ይኮመጥጣል። ዱቄቱን እንደ ደረቀ በ80 በ80 ግራም በትንንሽ ከረጢት ለዩት፣ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ያዙ፣ ልትጠጡ ስትሉ ብቻ በጥብጡ፣ ጠርሙሱን ወዲያው አለቅልቁ።

ጭኮ ከበሶ ይበልጥ ያጠግባል፤ ቅቤው ግን በሙቀት ይቀልጣልና ክዳኑ ጥብቅ በሆነ ዕቃ ካልተያዘ የጎን ቦርሳውን ሁሉ ያለብሰዋል። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለመንገድ ተፈጥረዋል፤ አይሻግቱም፣ አይቀልጡም። ያስጠማሉ ግን፤ ቆሎ የያዘ ሰው ውሃ መጨመር አለበት። ለእራት ድርቆሽን የሚወዳደር ነገር የለም። እንጀራውን በትንንሹ ቆራርጣችሁ በ200 ፋራናይት ምድጃ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት አድርቁት። ስትሰብሩት ቀጭ ማለት አለበት። ከታጠፈ ገና እርጥበት አለው፣ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ማታ 80 ግራም ሽሮ በ400 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥናችሁ፣ ዘይት ጨምራችሁ፣ እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ አብስሉ። የካምፕ ድስት ስስ ስለሆነ ሽሮ ሥሩ ላይ ይይዛል፤ ማማሰያውን እጃችሁ ላይ ያዙ። ሲበስል 150 ግራም ድርቆሽ ጨምራችሁ ክዳኑን ግጠሙ፤ በአምስት ደቂቃ ፍርፍር ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ከከምበርላንድ እስከ ሃንኮክ በሁለት ቀን ለሚወርድ አንድ ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ በሶ 300 ግራም፣ ቆሎ 250፣ ድርቆሽ 150፣ ሽሮ 80፣ የኦቾሎኒ ቅቤ 200፣ ዳቦ 300፣ ተምር 300። ሁሉም ተደምሮ ከ1.6 ኪሎ አይበልጥም። ይህን ቀንሳችሁ ሁለት የስፖርት ብስኩት ይዛችሁ መነሳት ትችላላችሁ፤ ውጤቱ ግን ፓው ፓው ላይ ይታያል።

ስለ ውሃ። በየነጻ ማደሪያው የእጅ ፓምፕ አለ። ውሃው ከጉድጓድ ነው፣ በአዮዲን ይታከማል፤ አዮዲን የማይስማማው ወይም የእንቅርት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ጠይቆ የራሱን ውሃ ይዞ ይሂድ። ብረት ብረት ይላል፣ መልኩም መጀመሪያ ላይ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ 15 ወይም 20 ጊዜ ጎትታችሁ ሲጠራ ቅዱ። ፓርኩ ውሃውን ይመረምራል፤ ምርመራውን ካላለፈ የፓምፑን እጀታ ነቅለው ይወስዱታል። እጀታ የሌለው ፓምፕ ያየ ሰው ተሰብሯል ብሎ መፍቻ አያውጣ፤ ተከልክሏል ማለት ነው። ስለዚህ ውሃ ስትቀዱ ለሚቀጥለው ሳይሆን ከሚቀጥለው ቀጥሎ ላለው ፓምፕ የሚያደርሳችሁን ቅዱ፤ ይህም ከ10 እስከ 14 ማይል ነው። በሙቀቱ ወራት ሰው በሰዓት 700 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጣል፣ እራት ማብሰያም አለ፤ ብስክሌቱ ላይ 2.5 ሊትር መያዣ ይኑር፣ በጣም ሲሞቅ 3.5። ፓምፖቹ ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ ይዘጋሉ፤ በማርች ሞቅ ብሎ ተነስቶ የሄደ ሰው ደረቅ ፓምፕ ያገኛል። የወንዙን ውሃ በማጣሪያ እንጠጣለን የምትሉ፣ ማጣሪያው አብዛኞቹን ተሕዋስያን ያስቀራል፤ ከእርሻ የሚታጠበውን ኬሚካል ግን አያስቀረውም። ለመታጠቢያ ብቻ ይሁን።

ነጻዎቹ ማደሪያዎች ቀጠሮ የላቸውም፤ የቀደመ ይይዛል። የሚጠብቃችሁ ፓምፕ፣ የእንጨት ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታና ተንቀሳቃሽ ሽንት ቤት ነው። በአንድ ቦታ ከአንድ ሌሊት በላይ ማደር አይፈቀድም። ቅዳሜ ማታ ሌላ ሰው ቀድሟችሁ ከሆነ አትመለሱ፤ ሰላም ብላችሁ ጠይቁ፣ ድንኳን ለማስጠጋት እንቢ የሚል ብስክሌተኛ ብርቅ ነው። ቆሻሻ መጣያ የሚባል ነገር በፓርኩ ውስጥ የለም፤ የፈጃችሁትን ሁሉ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የሙዝ ልጣጭም ጭምር። ሁለት ወፍራም ከረጢት ያዙ፤ አንዱ ይቀደዳል። ማገዶ ከወደቀ እንጨት ብቻ ነው፤ ዛፍ አይነካም። መጠጥም ክልክል ነው።

ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው አውሬ ሳይሆን ባቡር ነው። በፖቶማክ ግራና ቀኝ የጭነት ባቡር ሐዲድ አለ፤ ፉጨቱ ሌሊቱን ሙሉ ነው። ሁለት ዶላር የማይሞላ የጆሮ መድፈኛ ከወፍራም የመኝታ ፍራሽ ይበልጥ ያስተኛል። አውሬ ከተባለ ጅራቱ ጎፈሬ የሆነው ሽኮኮና ራኩን የሚባለው ሌባ ናቸው፤ አይጥ ደግሞ ቆሎ ሸትቷት የጎን ቦርሳውን ትቦረቡራለች፣ ቦርሳው ደግሞ ከቆሎው መቶ እጥፍ ይወደዳል። ምግብ በድንኳን ውስጥ አይደር። ወደ ላይኛው ክፍል ጥቁር ድብም ስላለ ስንቁን በከረጢት አድርጋችሁ ከቅርንጫፍ ላይ ስቀሉ፣ ከመሬት 3 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከግንዱም ርቆ። ከሣር የሚወጣውን መዥገር ግን ከሁሉ በላይ ፍሩት፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ማታ ማታ ከጉልበት ኋላ፣ ከብብትና ከጸጉር ሥር ፈትሹ፤ የተጣበቀ ካለ በወረንጦ ከቆዳ አስጠግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ አታጣሙት።

ድንኳን የማይመቸው ካለ ሎክሀውሶቹን እንዲያስብ እመክራለሁ። የሎክ ጠባቂዎቹ ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች ናቸው፤ የካናሉ ትረስት የሚባለው ድርጅት አድሶ ያከራያቸዋል። እስከ ስምንት ሰው ያስተኛሉ፣ ኪራዩ በቤት እንጂ በሰው ስላልሆነ ስምንት ሆኖ ለሚሄድ ቡድን ለሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው። ልዩነታቸውን ግን ጠይቁ። 22፣ 25 እና 28 ቁጥር ቤቶች መብራትም ውሃም የላቸውም፤ አልጋና ጣሪያ ነው የምትከፍሉበት። አንሶላና ፋኖስ ከራሳችሁ ነው። አብዛኞቹ ወደ ታችኛው ክፍል፣ ለዋሽንግተን ቀረብ ብለው ይገኛሉ፤ 49 ቁጥር ብቻ ነው ራቅ ብሎ ማይል 108.7 ላይ ያለው።

ሞቴልና እንግዳ ማረፊያ ስትይዙ የሚጠየቁ ጥያቄዎች አሉ፤ ዋጋውን መጨረሻ ላይ ጠይቁ። ከመንገዱ ስንት ማይል ነው? ዳገት አለው? ብስክሌቱ ክፍል ውስጥ ይገባል ወይስ ውጭ ያድራል? በእግር ሊደረስበት የሚችል ምግብ ቤት አለ? በዚያ ዕለት እስከ ስንት ሰዓት ያበስላል? የመጨረሻው ጥያቄ ነው ብዙ ሰው የሚረሳው። በእነዚህ ትንንሽ ከተሞች ወጥ ቤቱ ምሽት 8 ሰዓት ላይ ተዘግቶ ሊያድር ይችላል፤ ዝናብ ሁለት ሰዓት ካዘገያችሁ አልጋ አለ፣ እራት የለም። ለዚህ ነው ሆቴል ያደረ ሰውም አንድ ሙሉ እራት ቦርሳው ሥር ማስቀመጥ ያለበት። አንዳንዱ ሱቅ ካርድ ስለማይቀበል በአምስትና በአሥር የተዘረዘረ 60 ዶላር ያዙ።

የእኛ ሰው «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ በር ማንኳኳትን ያውቃል፤ ባላገርም ውሃና መደብ አይከለክልም። እዚህ የሰው መሬት ላይ ሳይጠሩ መግባት አደጋ ነው፤ ልምዱን አታምጡት። ለዚያ ሐሳብ የሚቀርበው ዋርምሻወርስ የሚባለው የብስክሌተኞች መረብ ነው። በመንገዱ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ለመንገደኛ ብስክሌተኛ በነጻ አልጋ ወይም ጓሮ ይሰጣሉ። ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ጻፉ፣ የምትደርሱበትን ሰዓት ተናገሩ፣ ከዘገያችሁ ደውሉ፣ ምን እንደማትበሉ አስቀድማችሁ ንገሩ። አንድ ከረጢት የተቆላ ቡና ይዞ መሄድ ከእኛ ይጠበቃል።

ምን እንደማትበሉ ካልን፣ ጾሙን እናንሳ። የመንዳት ወቅት ከጾም ጋር ይጋጫል፦ ጸደይ ላይ ሁዳዴ አለ፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ፍልሰታ፣ በየሳምንቱ ረቡዕና ዓርብ። የመንገዱ ምግብ ቤቶች በርገር፣ ፒዛና የዶሮ ክንፍ ናቸው። ጾመኛ ሰው ሰላጣ አዝዞ 40 ማይል አይነዳም። ከነዳጅ ማደያ ሱቆች የሚገኘው የኦቾሎኒ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ለውዝና የታሸገ ባቄላ ነው። መለያውን አንብቡ። የተፈጨው የሜክሲኮ ባቄላ ብዙ ጊዜ የአሳማ ስብ አለበት፣ «ላርድ» ተብሎ ይጻፋል። ነጭ ዳቦው «ዌይ» የሚል ካለበት ከወተት የወጣ ነው። የተጠበሰው ድንች ከዶሮው ጋር በአንድ ዘይት ሊሆን ስለሚችል ጠይቁ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ደግሞ በብስክሌት ሱቅ የሚሸጠውን እንደ ማስቲካ የሚታኘክ የጉልበት ከረሜላ ይጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ጄላቲን አለበት፣ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ነው። እንግዲህ በሶና ድርቆሽ ለጾመኛውም ለሁሉም ይሆናሉ።

አራት ቀን ለሚወስድ ሰው እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ከምበርላንድ ወደ ሊትል ኦርሊንስ፣ 43.6 ማይል። የክፍያ ካምፕ እዚያው አለ፣ ፊፍቲንማይል ክሪክ ይባላል። በዚህ ቀን የፓው ፓው ዋሻ ያጋጥማል፤ 3,118 ጫማ ርዝመት፣ ውስጡ ጨለማ፣ መንገዱ ጠባብና ጎርባጣ። ወርዳችሁ በመብራት ግፉት፤ ስንቅ የጫነ ብስክሌት እዚያ ውስጥ መንዳት አያዋጣም። ሁለተኛው ቀን ወደ ዊሊያምስፖርት 41 ማይል፣ ምሳ ሃንኮክ። ዝናብ ከጣለ መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ በሰዓት 10 ማይል ትሄዱ የነበረው 6 ይሆናል፣ የእራት ሰዓቱም አብሮ ይሸሻል። መፍትሔው ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ሃንኮክና ከዚያም አልፎ ጎን ለጎን የሚሄደው ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬይል ነው፤ ወደ 28 ማይል አስፋልት ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ እሱን ያዙ፣ ለማደር ብቻ ወደ ካናሉ ተመለሱ።

ሦስተኛው ቀን ከዊሊያምስፖርት ወደ ብራንስዊክ፣ 45 ማይል ያህል። ከዊሊያምስፖርት እስከ ሼፐርድስታውን ድልድይ፣ ማይል 72.7፣ 27 ማይል ባዶ ስለሆነ ጠዋት ሸምታችሁ ውጡ። ሼፐርድስታውን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ከመንገዱ ሁሉ ለምሳ የምመርጣት እሷን ነው፣ የጾም ምግብም አይጠፋባትም። መሃል ላይ ከማይል 88 እስከ 84 አካባቢ ቢግ ስላክዋተር የሚባለው የኮንክሪት መንገድ ወንዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል፤ ወንዙ ሲሞላ ይዘጋል፣ መዞሪያው ተራራማ አስፋልት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ምሽት የፓርኩን የመዝጊያ ማስታወቂያ ተመልከቱ። ሃርፐርስ ፌሪ ላይ ለመብላት የሚፈልግ የባቡሩን ድልድይ የእግረኛ መተላለፊያ መሻገር አለበት፤ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ደረጃ ጠመዝማዛ ነው። የጎን ቦርሳዎቹን አውርዳችሁ በሁለት ዙር አውጡ፣ ወይም አንድ ሰው ዕቃ ጠብቆ ሌሎቹ ይብሉ። በታችኛው ከተማ ምግብ ቤቶቹ የቀን ጎብኚን ስለሚያስተናግዱ ማታ ቶሎ ይዘጋሉ፤ ማደሪያው ደግሞ አቀበቱ ላይ ነው።

አራተኛው ቀን 55 ማይል ነው፤ ሰው «ደረስን» ብሎ የሚዘናጋበት ቀን። ዋሽንግተን ስለቀረበ ምግብ ይበዛል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ፖይንት ኦፍ ሮክስን፣ ማይል 48.2፣ ካለፋችሁ በኋላ እስከ ግሬት ፎልስ፣ ማይል 14.3፣ ከጎናችሁ ወንዝና ጫካ ብቻ ነው። ኋይትስ ፌሪ ላይ የነበረው የመኪና ማሻገሪያ ጀልባ በ2020 መጨረሻ ቆሟል፤ የድሮ ካርታ አይታችሁ እዚያ ምሳ አትቅጠሩ። ፑልስቪል በአስፋልት ወደ 6 ማይል ትርቃለች፣ ደርሶ መልስ 12። ምሳውን ከብራንስዊክ ገዝታችሁ ያዙ፤ ሞኖካሲ ድልድይ፣ ሰባት ቅስት ያለው የድንጋይ ሥራ፣ ማይል 42.2 ላይ ጥላ አለ፣ ኢንዲያን ፍላትስ ማደሪያም 42.5 ላይ ፓምፕ አለው። የመጨረሻው ነጻ ማደሪያ ስዌንስ ሎክ ነው፣ ማይል 16.6፤ ከመሸ እዚያ እደሩ እንጂ ከዚያ በታች ድንኳን የሚተከልበት ቦታ አትፈልጉ።

ከፒትስበርግ መነሳት የምትፈልጉ ካላችሁ፣ የግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ 150 ማይል ከምበርላንድ ላይ ከካናሉ ጋር ይገናኛል። እዚያ ችግሩ ያንሳል፤ ኦሃዮፓይል፣ ኮንፍሉወንስ፣ ሮክዉድ፣ ማየርስዴል፣ ፍሮስትበርግ በተመጣጠነ ርቀት ተደርድረዋል፣ መንገደኛ ማስተናገድም ያውቃሉ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቢግ ሳቬጅ ዋሻ በብርዱ ወራት ይዘጋል።

ጆርጅታውን የደረሰ ሰው ከዚያ እስከ ናይንዝ ስትሪት፣ ወደ እኛ ምግብ ቤቶች፣ ወደ ሦስት ማይል ያህል የከተማ መንገድ ይቀረዋል። አራት ቀን መኪና ያላየ ብስክሌተኛ ኤም ስትሪት ላይ ሲወጣ ይደናገጣል። ከቦይው ዳር ሳትወጡ የፊትና የኋላ መብራታችሁን አብሩ፣ የቀረውን ውሃ ጠጡ፣ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ከሆናችሁ ጠረጴዛ እንዲይዙላችሁ ለምግብ ቤቱ ከግሬት ፎልስ ደውሉ፤ ከዚያ እስከ ጆርጅታውን አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል።